የማይተኛው ደንበኛ

«አልበላሁም» አለች ልጅቷ።

ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከአልጋው ራስጌ ከተሰቀለው ከረጢት ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ በክንዷ ይገባል። አባቷ የዚያው ክሊኒክ ጥበቃ ነው፤ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ቆቡን በእጁ እየጠመዘዘ እግርጌዋ ቆሟል። ትናንት ተሸክሟት ሲሮጥ የመጣው እሱ ነው፤ ዛሬ የሚቆጣትም እሱ ነው። የወላጅ ድንጋጤ ሲያልፍ ቁጣ ይሆናል።

«ስንቴ ነው የነገርኩሽ? ስኳር ያለበት ሰው ጣፋጭ አይነካም አላልኩሽም? መድኃኒቱን እንደሆነ እኔው ራሴ ነኝ በሰዓቱ የምወጋሽ። ተደብቀሽ ባትበዪ ኖሮ ስኳርሽ እንዲህ ጣራ ይነካ ነበር?»

«አልበላሁም አባዬ። እውነቴን ነው።»

ሐኪሙ ልጆች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ። ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ልጅቷን ከእጇ ጀምሮ እስከ ሳቋ ታውቃታለች፤ አባቷን ተከትላ መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ በመጣች ቁጥር «እትዬ፣ ዛሬም አላለቀስኩም» እያለች የተወጋችበትን የምታሳይ ልጅ ናት። ጠጋ ብላ ግንባሯን ዳሰሰቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ አትዋሺ። እውነቱን ከተናገርሽ ማንም አይቆጣሽም።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከሰዓት በኋላ «አመነች» ተባለ። ጓደኛዋ ከረሜላ ሰጥታት፣ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ መብላቷን ተናገረች። ነርሷ «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ» ብላ ፀጉሯን ደባበሰችላት፤ አባትየውም እፎይ ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። ፋርማሲስቷም እፎይ ካሉት አንዷ ነበረች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። መድኃኒቱ ደህና፣ መርፌው ደህና፣ አባትየው ጠንቃቃ፤ ታዲያ ማን ቀረ? ልጅቷ ቀረች። በዚህ ዓለም ጥፋት ማረፊያ ሲያጣ ከሁሉ ጠበብ ያለው ትከሻ ላይ ነው የሚወጣው።

በማግስቱ ጠዋት ፋርማሲስቷ የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ ከወደ ኋላ ያለውን የኢንሱሊን ብልቃጥ ስትስበው አልላቀቅ አላት። ከግድግዳው ጋር በስስ በረዶ ተጣብቋል። በጥፍሯ ፈልቅቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ውስጡ የሚያብለጨልጭ ነገር ይንሳፈፋል።

ኢንሱሊን መቀዝቀዝ አለበት፤ በረዶ መሆን ግን የለበትም። አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም ብልቃጥ ሙሉ ከንቱ ነው። ክፋቱ ደግሞ በእጅ አይታወቅም፤ እጅማ «ቀዝቅዟል፣ ደህና ነው» ብሎ ይረካል። ሌሊት ይጋገራል፤ ቀን በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሟሟል። ለበሽተኛ የሚሰጠውም ሟሙቶ መልኩ ከደህናው ከማይለይ በኋላ ነው። ፋርማሲስቷ ብልቃጡን እንደያዘች «አልበላሁም አባዬ» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ስትገባ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«የማቀዝቀዣው ማንቂያ ጮኋል?» አላት።

«አልጮኸም።»

«እንግዲያውስ እስከ ትናንት ድረስ ደህና ነበር ማለት ነው። ማታ ሲወጡ መቆጣጠሪያውን ነክተውት ይሆናል።»

«እኔ? መቆጣጠሪያውን ነክቼ አላውቅም! ድሮ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን በዓይኔ አይቼ ነበር የማረጋግጠው። ‹ዘመናዊ ሆነናል፣ ካሁን በኋላ ማሽኑ ራሱ ይነግረናል› ብለው ያስቆሙኝ እርስዎ ነዎት።»

«ማሽኑ ደግሞ ምንም አልነገረንም።»

«ልጅቷስ? የጥበቃው ልጅ ያንን መድኃኒት ስትወጋ ነው የሰነበተችው። ሌሎችም አሉ። ከዚህ ማቀዝቀዣ የወሰደ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ መጠራት አለበት።»

«ልጅቷ ከረሜላ በልታ ነው፤ ራሷ አምናለች።» ዳይሬክተሩ ብልቃጡን በጣቱ ጫፍ ወደ እሷ ገፋው። «ይጠሩ ይላሉ፤ ከመቼ ጀምሮ የወሰዱት? ያመት? የሁለት ዓመት? ይህ ክሊኒክ ስም አለው። ነገ ጠዋት እንሰበሰባለን፤ እርስዎም የሚሉትን ይላሉ። የኔትወርክ ባለሙያውም ይጠራል።»

የኔትወርክ ባለሙያው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። በክሊኒኩም በሰፈሩም ስሙ ቀርቶ «ኔትወርክ» ነው የሚባለው፤ ሲፈልጉት ስለሚጠፋ ነው ይላሉ። እናታቸው ቤት ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ከሰል እንደቀመሰ ብረት የሚግል ኮምፒውተር አለው። ከዚያች ኮምፒውተር፣ ከአንዲት አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ከአንዲት የኢንተርኔት የቤት ቁጥር፣ የአንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ፣ የማተሚያ ቤት ኢሜይል፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ የጉዞ ወኪልና የክሊኒኩን ማንቂያ ያስተዳድራል። «ለእያንዳንዱ የየራሱ አድራሻ ለምን? አንድ ይበቃል» ይላል። አክስታቸው ስታሾፍበት ባንድ አልጋ አምስት እንግዳ የሚያሳድር ሆቴል ትለዋለች። በቅርቡ ደግሞ ስድስተኛ ጨመረ፤ የራሱን የጫማ መሸጫ ድረ ገጽ።

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ስለዚያ ሱቅ አፉን ሞልቶ ሲያወራ ነበር።

«እናንተ ሳቁ! በየአምስት ደቂቃው አንድ ሰው ሱቄ ይገባል። አንድ ሰው ነው፤ ግን ታማኝ! ሌሊት እንኳን አይተኛም። ጫማ እንዴት ቢወድ ነው?»

«ገዛ ወይ?» አለች እናትየው።

«ይገዛል እማዬ፣ እያማረጠ ነው።»

ሁሉም ሳቁ፤ ፋርማሲስቷም ስቃለች። እንዲያውም ሳህን ስታነሳ «የማቀዝቀዣው ማንቂያ ግን ለምን እንዲህ ዝም አለ? ድሮ በሩ ትንሽ ከቆየ እንኳን ይጮህ ነበር» ብላ ጠይቃው ነበር። እሱም ስልኩን ሳይለቅ «ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው እታለም። አየሁት እኮ፤ የላከው ሁሉ መልስ አግኝቷል፣ አንድም የጠፋ የለም» አላት።

ከዳይሬክተሩ ቢሮ እንደወጣች እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ወንድሟ ጓሮ ክፍሉ ውስጥ፣ ሁለት ማራገቢያ ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ ተቀምጧል።

«የማቀዝቀዣውን አሳየኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ደህና...»

«አሳየኝ ነው የምልህ!»

ከፈተላት። የክሊኒኩ ማንቂያ ገጽ ላይ መጨረሻ የደረሰው መልእክት የቆየ ነው። ከዚያ ወዲህ ባዶ። ወንድሟ ግንባሩን አከክ አከክ አደረገ። «እንግዳ ነገር ነው። ወደዚህ አድራሻ መላኩንስ ልኳል፤ መልስም አግኝቷል። ታዲያ የት ገባ?»

«ያንን የማይተኛ ደንበኛህን ደግሞ አሳየኝ» አለችው። ለምን እንደጠየቀችው እሷም አላወቀችውም፤ ብቻ በየአምስት ደቂቃው የሚለው ነገር ከአእምሮዋ አልወጣ ብሏታል። ማሽኑ ሲተከል ‹በየአምስት ደቂቃው ይናገራል› ነበር የተባለላት።

የጫማ ሱቁን የእንግዳ መቁጠሪያ ከፈተ። ደንበኛው እዚያው አለ፤ አሁንም ገባ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ገባ። በገባ ቁጥር አንዲት ነገር ጥሎ ይሄዳል። ከዜሮ በታች ሁለት። ከዜሮ በታች ሦስት። ሌሊት ላይ ከዜሮ በታች አምስት።

«ይሄ ቁጥር ምንድነው?»

«ምን አውቃለሁ፣ ቅናሽ ፈልጎ ይሆናል» ብሎ ሊስቅ ጀመረ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

«የኔ ማቀዝቀዣ ነው! በረደኝ፣ ተጋገርኩ፣ ድረሱልኝ እያለ የሚጮኸው ማቀዝቀዣዬ ነው! እንዴት ጫማ ቤት ገባ?»

ወንድምየው ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ሲያስረዳ ድምፁ እየወረደ ሄደ።

«ግቢው አንድ በር ነው ያለው በይ። በሩ ላይ ቁጥር አለ፤ ያ ቁጥር አድራሻችን ነው። ውስጥ ስድስት ተከራይ አለ። እንግዳ ሲመጣ በረኛው ‹ማንን ፈልገህ ነው?› ይለዋል፤ ትምህርት ቤቱን ካለ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ማተሚያ ቤቱን ካለ ወደ ማተሚያ ቤቱ ያስገባዋል።»

«የማንንም ስም ሳይጠራ ዝም ብሎ የሚያንኳኳ ቢመጣስ?»

«እሱ... ከፊት ያለው ክፍል ይገባል።»

«ማቀዝቀዣው ስም ይጠራል?»

«አይጠራም። የተከልኩት ቀን የክሊኒኩ ስም ገና አልተመዘገበም ነበር። ቁጥሩን ብቻ ሰጠሁት፤ ለጊዜው ብዬ።»

ለጊዜው! የዚህ ቤት ጣሪያ የተሸፈነው ለጊዜው ነው፤ የክሊኒኩ መብራት የተቀጠለው ለጊዜው ነው፤ ለጊዜው የተባለ ነገር ሁሉ ሰውን ቀብሮ ይኖራል። ፋርማሲስቷ ጥርሷን ነከሰች።

«ከፊት የነበረው ክፍል የማን ነበር?»

«የክሊኒኩ ማንቂያ።»

«አሁንስ?»

አንዱን ማራገቢያ ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋ። ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ።

«በቁጥር ብቻ የሚመጣ እንግዳ እንዳለ አየሁ» አለ በመጨረሻ። «መንገድ የጠፋው ገዢ መሰለኝ። ከፊት ብሆን እኔ ጋ ይገባል ብዬ ሱቄን አስቀደምኩ። ሱቁ ደግሞ... ለመጣ ሁሉ ‹እንኳን ደህና መጡ› እንዲል ነው የሠራሁት። ‹የሉም› ቢባል ደንበኛ ይቀየማላ። ማሽኑም እንኳን ደህና መጣህ ሲባል ጊዜ መልእክቴ ደረሰ ብሎ አረፈ።»

ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት ሲጮህ ጫማ ሻጩ በፈገግታ እየተቀበለ ሸኝቶታል። ልጅቷ ደግሞ በረዶ የበላው ውሃ እየተወጋች ‹ከረሜላ በላሽ› ተብላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ወንድምየው ተንደርድሮ አንድ ሁለት ነገር ጻፈ፤ የክሊኒኩን ማንቂያ ወደ ፊት መለሰው። ወዲያው ማንቂያው በእሷ ስልክ እሪ አለ። ሁለቱም ደነገጡ።

«ይኸው ተስተካከለ» አለ እየለመነ። «እታለም፣ እባክሽ። ይሄ ከታወቀ ትምህርት ቤቱም ማተሚያ ቤቱም ነገ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ሁሉም እዚህች አንድ አድራሻ ላይ ናቸው፤ የአንዱ ወሬ ለሌላው ይደርሳል።»

«ሱቅህን ከፊት ያደረግከው መቼ ነው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«መቼ ነው?!»

«የከፈትኩ ዕለት። ትምህርት ቤት የተከፈተ ሳምንት።»

ጩኸቱን ሰምታ እናታቸው ገባች። ነገሩን በግማሽ ሰምታ፣ በግማሽ ገምታ፣ እንደ ልማዷ ፍርዱን አስቀድማ ነው የመጣችው።

«ልጄ፣ ወንድምሽ እኮ ነው። አንቺ ለጡረታ ምን ቀረሽ? ብትገሠጪም ያልፋል። እሱ ገና ልጅ ነው፣ ገና መቆሙ ነው። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም።»

«እማዬ፣ አንዲት ሕፃን ልትሞት ነበር!»

«አልሞተችም አይደል?»

ፋርማሲስቷ አንጀቷ አረረ። ይህን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የተማረበትን ክፍያ የከፈለችው፣ ያንን የሚግል ኮምፒውተር እንኳን በቁጠባዋ የገዛችለት እሷ ናት። አሁን ደግሞ ጥፋቱንም አዝለሽ ዙሪ ትባላለች። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ብላ ልትናገር ፈልጋ ተወችው፤ ለእናቷ ተረት ቢነግሯት በሌላ ተረት ነው የምትመልሰው።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ወንድሟ ቀድሟት ተቀምጧል። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ። ዳይሬክተሩ ማሽኑ ይሠራ እንደነበር ጠየቀው።

«ማሽኑ ይሠራ ነበር» አለ ወንድምየው፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። «መልእክት ልኳል፣ መልስ አግኝቷል።»

ውሸት አልተናገረም። ዓይኑን በጨው አጥቦ እውነት ነው የተናገረው፤ እንዲህ ያለ እውነት ደግሞ ከነጭ ውሸት ይከፋል። ዳይሬክተሩ እጁን አጨበጨበ ማለት ይቻላል፤ «እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ነው» ብሎ ወደ ፋርማሲስቷ ዞረ።

ተነስታ ቆመች። ሁሉንም ተናገረች፤ አንዱን አድራሻ፣ ስድስቱን ተከራዮች፣ ስም የማይጠራውን ማሽን፣ ከፊት የተቀመጠውን ጫማ ቤት። ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«እውነት ነው?» አለ ዳይሬክተሩ ወደ ወንድሟ።

«በቴክኒክ ደረጃ ስናየው፣ አንድ አድራሻ ላይ ብዙ አገልግሎት ሲኖር...»

«አንተ!» አለች እህትየው። «አዎ ወይም አይደለም በል። ልጅቷ እኮ አልጋ ላይ ናት።»

ቀና ብሎ አያት። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ ሰበብ የማያሳልፈው ዓይን ነው።

«አዎ» አለ። «ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ማንቂያው አይሰማም ነበር። እሷ ጠይቃኛለች። እኔ ነኝ ደህና ነው ያልኳት።»

ዳይሬክተሩ ተነስቶ በሩ መዘጋቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥሩ። እርስዎ ነጻ ነዎት፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። የተበላሸው ይወገዳል፣ አዲስ መድኃኒት ይገባል። ይህ ወሬ ግን ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«የወሰዱትስ ሰዎች?»

«ሲያማቸው ይመጣሉ።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ፋርማሲስቷ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተናደደች መስሏት ነበር፤ ለካ ገና ነበረች።

«ሲያማቸው ይመጣሉ? መጥተውስ? ‹ከረሜላ በላችሁ› ልንላቸው?» በሩን ከፈተችው። «ስሜ ነጻ እንዲወጣ አይደለም የመጣሁት ጌታው። ከመቼ ጀምሮ ብለውኝ ነበር፣ ነገርኩዎት። እንግዲህ ልደውል ነው። ከፈለጉ ከሥራ ያሰናብቱኝ፤ ስልኩን ከጨረስኩ በኋላ ግን።»

እንግዳ መቀበያው ላይ ቆማ፣ ታካሚ እየጠበቀ፣ ሁሉ እየሰማት ደወለች። «ከእኛ የወሰዱትን ኢንሱሊን አይውጉት። ተበላሽቶብናል። አዎ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ይምጡና ይቀይሩ።» አንዳንዱ ሰደባት፤ አንዲት አሮጊት አለቀሱ፤ አንዱ «እኔ እኮ ሐኪሙ አመጋገብህን አስተካክል ሲለኝ ራሴን በረሃብ ልገድል ነበር» አላት። እንግዳ ተቀባይዋ ትንሽ አይታት ሁለተኛውን ስልክ አነሳች። ዳይሬክተሩ በኮሪደሩ መጣ፣ የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ ተመልሶ ገባ። ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ አልሄደም፣ የሚረዳበትንም አላወቀም።

«ና» አለችው ስትጨርስ።

«ወዴት?»

«አንተ የምትነግራት ሰው አለች።»

ከሌላ ፋርማሲ በመጣ ኢንሱሊን የልጅቷ ቀለም ተመልሷል፤ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አባቷ ከበሩ መጥቶ አጠገቧ ቆሟል፤ ስልክ ሲደወል የተባለውን ሰምቶ ኖሮ ፊቱ አመድ መስሏል። ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ በመጨረሻም መድኃኒቱ በእሱ ጥፋት ተበላሽቶ እንደነበር፣ እሷም የታመመችው በዚያ እንደሆነ ነገራት። ቴክኒክ አልጨመረበትም።

«ስለዚህ ከረሜላው አይደለም ያሳመመሽ» አለች ፋርማሲስቷ።

«ከረሜላ አልበላሁም» አለች ልጅቷ።

«በላሁ ብለሽ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለ አባትየው፣ ድምፁ ተሰብሮ።

ልጅቷ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አባቷን፣ ጫማ ሻጩን፣ ከዚያ ዓይኗ ፋርማሲስቷ ላይ ቆመ። አላለቀሰችም። የጠየቀችው ስላልገባት ነበር፤ የምር እንድታስረዳት ፈልጋ።

«እትዬ፣ እውነቱን ስናገር አትዋሺ አላችሁኝ። ስዋሽ ጊዜ ጎበዝ አላችሁኝ። አሁን የቱን ልበል?»